የፊት አክስልና ኩሽኔታ በግቢያችን ውስጥ ስንቀይር

መኪናዬ ማጉረምረም የጀመረችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ነሐሴ ላይ ፎገራ ውሃ የተኛበትን መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ አቋርጫለሁ። መስከረም ላይ ከወረታ ስመለስ ከፊት በስተቀኝ «ውውው» የሚል ድምፅ መጣ። 60 ላይ ይሰማል፤ 80 ላይ ሬዲዮውን ይውጠዋል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) ተቀየረ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ድምፅ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ጊዜ ራሴ ፈታሁት። የወጣውን ኩሽኔታ ከፍቼ ሳየው ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በጥፍር የተጫኑ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው፤ ኳስ ከኳስ የሚራራቀውን ያህል። ዕቃው መጥፎ አልነበረም። ሲገባ በመዶሻ ተመትቷል። እያንዳንዱ ምት በኳሶቹ በኩል አልፎ ብረቱን ወግቶታል።

ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሌላውን ሁሉ ግቢያችሁ ውስጥ በእጃችሁ ሥሩት። ኩሽኔታውን ግን በመዶሻ አታስገቡት። ያንን ክፍል ብቻ ፕሬስ (ብረትን በኃይል የሚገፋ መጫኛ) ያለው ቤት ውሰዱት። ቀኑን ሙሉ ከለፋችሁ በኋላ በአምስት ደቂቃ መዶሻ ልፋታችሁን ማጣት ያሳዝናል።

ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ የወጣው ኮሮላ ነው፤ እሱን ነው ደጋግሜ የፈታሁት። ቪትዝና ሌሎች ሞተራቸው ወደ ጎን የተኛ፣ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ትንንሽ መኪኖችም አካሄዳቸው ይህንኑ ይመስላል። የመፍቻው ቁጥርና የማጥበቂያው ልክ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። የራሳችሁን መኪና መመሪያ መጽሐፍ አይታችሁ ተነሡ። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኩሽኔታና ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የሚዞር ብረት) አንድ ላይ ተገጥሞ በብሎን የሚታሰር ነው። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የፕሬሱን ክፍል ዝለሉት።

መጀመሪያ ድምፁን ለዩ

አክስል (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) እና ኩሽኔታ ሲበላሹ የሚያሰሙት ድምፅ አይመሳሰልም። ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ነዳጅ ስጡ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የአክስሉ የውጪ ጫፍ፣ በጎማው በኩል ያለው ሲቪ ጆይንት (አክስሉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ) አልቋል። ቀጥ ባለ መንገድ ነዳጅ ስትሰጡ መኪናዋ ከተንቀጠቀጠች፣ እግራችሁን ስታነሡ ደግሞ ከተረጋጋች፣ በካምቢዮ (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያለውን የውስጥ ጆይንት ጠርጥሩ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በአክስሉ ሁለት ጫፍ ያለውን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን እዩ። ከተቀደደ ጥቁር ግራሶ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍልና በአሞርዛተሩ (ንዝረት በሚያበርደው) ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ከባሕር ዳር ወጣ ሲባል በጠጠር መንገድ የሚገጥመው አቧራ በዚያች ቀዳዳ ከገባ ጆይንቱ ዕድሜ የለውም። አቧራና ግራሶ ሲቀላቀሉ ብረት የሚበላ ሞረድ ይሆናሉ።

ኩሽኔታ ቀጭ ቀጭ አይልም፤ ያጉረመርማል። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል። ሞተሩን ብታጠፉትም፣ ማርሽ ብታወጡም አይቆምም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ይጮኻል። የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሰፊና ባዶ አስፋልት ላይ መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ከጎላ ጥፋተኛው የቀኙ ነው። ወደ ቀኝ ሲሆን የግራው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። እኩል ያልተበላ ጎማም ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አለዋውጡና እንደገና ንዱ። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ ጎማው ነው፤ ባለበት ከቀረ ኩሽኔታው።

የመጨረሻው ፍተሻ መኪናዋ ተነሥታ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ነቅንቁ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንት (ከሥር ያለው ኳስማ መገጣጠሚያ) ወይም ሌላ መገጣጠሚያ ፈልጉ። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ ከሆነ የመሪ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ እጃችሁን የአሞርዛተሩ ሞላ ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጎማውን አሽከርክሩ። የተበላሸ ኩሽኔታ በሞላው በኩል መዳፋችሁን ይነዝረዋል። ጆሮ ያልሰማውን እጅ ይሰማል።

ምን ልግዛ፣ ምን ልዋስ

ኩሽኔታ ስትገዙ የድሮው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ጥሩ ስም ያላቸው የጃፓን ሥራዎች ናቸው። ስማቸው ስለሚሸጥም ብዙ ጊዜ ተመሳስለው ይሠራሉ። ካርቶኑን አትመኑ። ኩሽኔታውን አውጡትና ጽሑፉ በጥራት የተቀረጸ መሆኑን እዩ፤ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ቀለም ከሆነ መልሱት።

አክስል ስትገዙ ርዝመቱንና የጥርሱን ብዛት ከድሮው ጋር አስተያዩ። የግራና የቀኝ አክስል እኩል አይደለም፤ በኮሮላ የግራው አጭር፣ የቀኙ ረጅም ነው። መኪናችሁ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ካላት አክስሉ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ቀለበቱ ከሌለው የኤቢኤስ መብራት እስከ ዕለተ ሞቷ ሲበራ ይኖራል። ከዚህ ሌላ የካምቢዮ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ ቀለበት)፣ አዲስ የአክስል ዳዶ፣ ጥቂት ኮፒሊያ (ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፍ ሽቦ) እና የካምቢዮ ዘይት ያዙ። ፓራኦሊዮውን «ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ርካሽ ነው፤ ግን ካፈሰሰ ይህን ሁሉ እንደገና መፍታት ነው።

መሣሪያ ሁሉ መግዛት የለባችሁም። 30 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚሰካ ክብ መፍቻ)፣ ለጎማ ዳዶ 21 ቁጥር፣ ከ14 እስከ 22 ያሉ መፍቻዎች፣ አንድ ሜትር ገደማ ጠንካራ የብረት ቱቦ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው የብረት ዘንግ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሳፋ። የቀለበት መክፈቻ ፒንሳና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) ከሰፈር መካኒክ መዋስ ይቻላል። መነጽር ግን የራሳችሁ ይሁን። ብረት በብረት ሲመታ የሚፈናጠረው ስባሪ ዓይን ነው የሚፈልገው።

መኪናዋን ማንሳት

ሥራው ጠዋት ይጀመር። ከሰዓት ያለው ዝናብ መኪናዋ ተፈትታ ሳለ እንዳያገኛችሁ።

ጎማው መሬት ላይ እያለ መሠራት ያለበት ነገር አለ። የአክስሉን ዳዶ ያኔ ነው የምታላሉት። ኮፒሊያ ካለው አውጡ። ከሌለው የዳዶው ጠርዝ ወደ አክስሉ ቦይ ተመትቶ ታጥፏል፤ በቀጭን መሮ ቀና አድርጉት። ይህን ዘልላችሁ ዳዶውን ብታስገድዱት የአክስሉን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ፣ አንድ ሰው የእግር ፍሬን ይርገጥ። ቡሶላውን አስገቡ፣ ቱቦውን ሰኩ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። «ጧ» ብሎ ሲለቅ አትደንግጡ። ከዚያ የጎማውን ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላሉ።

አሁን ክሪክ። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ይኑር። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል። መኪናዋ እንደተነሣች ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ) ከሻንሲው ሥር፣ ለክሪክ ተብሎ በተጠናከረው ቦታ አስቀምጡና አሳርፏት። ከዚያ በጎን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሯት።

ብሎኬት አታስቀምጡ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ውስጡ ባዶ የሆነ የሲሚንቶ ብሎኬት ሲሰበር ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፤ በአንዴ ይፈርሳል። ድንጋይም ያንሸራትታል። ካቫሌቶ ከሌላችሁና መዋስ ካልቻላችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት። የወጣውን ጎማ ደግሞ ከሻንሲው ሥር አጋድሙት፤ የሆነ ነገር ቢያመልጥ መኪናዋ በእናንተ ላይ ሳይሆን በጎማው ላይ ታርፋለች።

መፍታት

ጎማው ከወጣ በኋላ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ከነመያዣው የያዙትን ሁለት ብሎኖች ከኋላ ፍቱ። ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት። በሽቦ ሞላው ላይ እሰሩት። ዲስኩ ከሞዞው ጋር በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ ፊቱ ላይ ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ፈልጉ። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብታችሁ ሁለቱንም በየተራ ስታጠብቁ ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ኤቢኤስ ካለ የሴንሰሩን ብሎን ፍቱና ሽቦውን ከመንገድ አርቁት።

ቀጥሎ የመሪው ቴስቲኒ። ኮፒሊያውን አውጡ፣ ዳዶውን አላሉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ጥቂት ጥርስ ይዞ ይቆይ። ከዚያ ቴስቲኒው የተሰካበትን ዓይን ከጎኑ በመዶሻ ምቱት። ብሎኑን ከታች ወደ ላይ አትምቱ። ከጎን ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ሲያርፍበት ዱብ ይላል። ቦል ጆይንቱን ከታችኛው ብራቾ (ክንድ) ጋር የያዙት በኮሮላ አንድ ብሎንና ሁለት ዳዶ ናቸው። እነሱን ፍቱና ብራቾውን በብረት ዘንግ ወደ ታች ተጫኑት።

ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ወይም በጥፍር ቀለም የቆሙበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። የጎማው ቀና ማለትና መጋደል የሚወሰነው እዚያ ጋ ነው። ሲፈቱ ደግሞ ዳዶውን አዙሩ እንጂ ብሎኑን አታዙሩ።

አሁን ሞዞውን የያዘው ትልቅ ብረት፣ መካኒኮች ናክል የሚሉት፣ በአክስሉ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። የአክስሉን ዳዶ ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን መልሱና ላዩ ላይ የእንጨት ቁራጭ አድርጋችሁ ምቱት። አክስሉን ራቁቱን በመዶሻ ከመታችሁት ጥርሱ ይጠፋል። አዲስ አክስል ብትገዙም ይህን ልመዱት፤ ነገ ለኩሽኔታ ብቻ ስትፈቱ ያው አክስል ተመላሽ ነው። አክስሉ ሲላቀቅ ናክሉን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ አውጡት። ከባድ ነው፤ እግራችሁን ጠብቁ።

አክስሉን ከካምቢዮ ማውጣት

ሳፋውን ከሥር አድርጉና መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሱ። ካላፈሰሳችሁ አክስሉ ሲወጣ እጃችሁ ላይ ይፈስሳል።

አክስሉን በመካከለኛው ዘንግ ይዛችሁ አትጎትቱ። የውስጡ ጆይንት ተለያይቶ ሽፋኑ ውስጥ ይበተናል። ጠፍጣፋውን ዘንግ በካምቢዮውና በውስጡ ጆይንት ቤት መካከል አስገቡና አንዴ በኃይል ፈንቅሉት። ጫፉ ላይ የምትይዘው ትንሽ የሽቦ ቀለበት ስትለቅ «ጠቅ» ትላለች። ካልወጣ አክስሉን ትንሽ አዙሩና ከሌላ ጎን ሞክሩ። የካምቢዮው ቤት አልሙኒየም ነው፤ ዘንጉን የምታሳርፉበትን ቦታ ምረጡ፣ ፓራኦሊዮው ከንፈር ላይም አታሳርፉት።

ከዚያ የድሮውን ፓራኦሊዮ አንሡ። አዲሱን ጠርዙን በዘይት አርጥባችሁ፣ ከድሮው ጋር እኩል ጥልቀት እስኪደርስ ዙሪያውን በእኩል ግፉት። አዲሱንና አሮጌውን አክስል ጎን ለጎን መሬት ላይ አጋድሙና እንደገና ለኩ። ሱቅ ውስጥ የተለካ ነገር ግቢ ውስጥ ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ኩሽኔታው

ናክሉን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ውሰዱት። 20 ቶን የሚገፋ ፕሬስ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። እዚያ ስትደርሱ ቆማችሁ እዩ። ባለሙያውን ለመቆጣጠር አይደለም፤ የትኛው ቀለበት እንደሚገፋ ለማየት ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሞዞው ከኩሽኔታው ተገፍቶ ይወጣል። ሲወጣ የኩሽኔታውን ውስጠኛ ቀለበት ግማሹን ይዞ ይወጣል። ያ ግማሽ በማውጫ ይነቀላል። ማውጫው ካልያዘው በግራይንደር ቀለበቱን እስከ ሞዞው ሳይደርሱ ይቆርጡትና በመሮ ይመቱታል፤ ይሰነጠቅና ይለቃል። እዚህ ላይ መነጽር! ኩሽኔታ በጣም የጠነከረ ብረት ነው፤ ሲሰበር እንደ መስታወት ነው የሚፈናጠረው።

ከዚያ ኩሽኔታውን በቦታው የያዘችው የመቆለፊያ ቀለበት በፒንሳ ትወጣለች። ዝገት ከያዛት አንድ ቀን ቀድማችሁ የዝገት ማላቀቂያ አርከፍክፉባት። ቀጥሎ አሮጌው ኩሽኔታ ይገፋል። አሮጌውን በየትኛውም ቀለበት ብትገፉት ችግር የለም፤ የሚጣል ነው።

የእኔን ሲያወጡት የኋላ ሽፋኑ ሥር ያለውን ግራሶ በጣቴ አየሁት። የማኪያቶ ቀለም ነበረው። ይህ ውሃ ነው። ረጅም መንገድ ነድታችሁ የጋለ ሞዞ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ በሽፋኑ ጠርዝ በኩል ውሃ ይስባል። ከጎንደር መንገድ እንደመጡ ሐይቅ ዳር ወይም እጥበት ቦታ አቁሞ በጋለ ጎማ ላይ ውሃ መርጨትም ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ ኩሽኔታ ያድናል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቤቱ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ይጸዳ። ዝገቱ ይሂድ እንጂ ብረቱ አይፋቅ። የሞዞውንም አንገት እዩት። ሰማያዊ ከሆነ ግሏል። አዲሱ ቀለበት በእጅ ብቻ ሹልክ ብሎ የሚገባበት ከሆነ ተበልቷል። እንደዚያ ያለ ሞዞ መቀየር አለበት፤ ጥሩ ኩሽኔታ መጥፎ ሞዞ ላይ አይቆይም።

አሁን ዋናው ነገር። ፕሬሱ ቤት ያገኘኋቸው ሽማግሌ አዲሱን ኩሽኔታ ናክሉ ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ የሚጣበቀው የትኛው ቀለበት ነው?»

«የውጪው ነው ጋሼ።»

«እሱን ነዋ የምንገፋው።»

በውጪው ቀለበት ጠርዝ ላይ ብቻ የሚያርፍ የብረት ክብ አድርገው ገፉት። ምንም ድምፅ የለም። ዝም ብሎ ገባ። ቤቱ ታች ሲደርስ የፕሬሱ እጀታ ደረቅ አለ፣ ቆሙ። ከዚያ ሞዞውን ወደ ኩሽኔታው ሲያስገቡ ነገሩ ተገለበጠ። ሞዞው የሚጣበቀው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ነው። ስለዚህ ከሥር የውስጠኛውን ቀለበት የሚደግፍ ቱቦ አደረጉ፤ ናክሉ ግን ምንም ነገር ላይ አላረፈም። ናክሉን ደግፈው ቢገፉ ኖሮ ኃይሉ ሁሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍ ነበር። መዶሻው የሠራውን ፕሬሱም ይሠራዋል ማለት ነው። ፕሬስ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ድጋፉ የት እንዳረፈ እዩ።

ሥራውን የሚያቀል አንድ ዘዴ አለ። አዲሱን ኩሽኔታ ከነላስቲኩ ማታውኑ የፍሪጁ በረዶ ቤት አስገቡት። ናክሉን ፀሐይ ላይ አስጡት። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሜትር 12 ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ 40 ዲግሪ ልዩነት ካለ 36 ሺህኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ፕሬሱ ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። ሌሊቱን መብራት ከሄደ ግን ጠዋት ከፍታችሁ እዩት፤ ላዩ ላይ ጤዛ ካለ በደረቅ ጨርቅ አብሱት።

የመቆለፊያዋ ቀለበት ቦይዋ ውስጥ ሙሉ ዙሪያዋን መግባቷን በካቻቢቴ ጫፍ ፈትሹ። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ የኤቢኤስ ማግኔት ኩሽኔታው ሽፋን ውስጥ አላቸው። አንዱ ጎን ጠቆር ወይም ቡናማ ይላል። ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ ለማውጣት ኩሽኔታውን ማበላሸት ነው።

አዲስ ዝግ ኩሽኔታ በቤንዚን አይታጠብም፤ ግራሶም አይጨመርበትም። ከፋብሪካ የወጣው መጠኑን ይዞ ነው። ሞዞው ከገባ በኋላ በእጃችሁ አዙሩት። ትንሽ ክብድ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ ለስላሳ ሆኖ መዞር አለበት።

መመለስ

አዲሱን አክስል ወደ ካምቢዮ ስታስገቡ የሽቦ ቀለበቷ ክፍት ጎን ወደ ታች ይዙር። ጥርሱን በዘይት አርጥቡ፣ ፓራኦሊዮውን ሳትነኩ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ መጨረሻ ላይ ገፋ ስታደርጉት «ጠቅ» ይበል። ከዚያ የውስጡን ጆይንት ቤት ይዛችሁ በትንሹ ሳቡ። ካልመጣ ይዟል።

ናክሉን መልሱ። የአሞርዛተሩ ብሎኖች ምልክታችሁ ላይ ይቁሙ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ቴስቲኒው፣ ዲስኩ፣ ካሊፐሩ ይከተሉ። ኮፒሊያ ሁሉ አዲስ ይሁን። የድሮውን አቅንቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ግን አንዴ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰበራል። ዲስኩ ላይ የነካችሁት ግራሶ ካለ የፍሬን ሸራው ሳይነካው በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

የአክስሉ ዳዶ ለኮሮላ የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የኩሽኔታውን ሁለት ውስጠኛ ቀለበቶች አንድ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ይህ ዳዶ ነው። ስለዚህ ዳዶው በልኩ ሳይጠብቅ መኪናዋን ጎማ ላይ አታሳርፉ፣ አትግፏትም። አዲሱ ኩሽኔታ በዚያች ሁለት ሜትር መንገድ ሊጎዳ ይችላል። ካሊፐሩ ተመልሷልና ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፤ መኪናዋ ካቫሌቶ ላይ እንዳለች አጥብቁት።

ቶርክ ሬንች ካጣችሁ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ይረዳችኋል። 216 ኒውተን ሜትር ማለት አንድ ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ 22 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ስታነሡት ከነራሱ 21 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቱቦው ክብደት የቀረውን ያሟላል። ቱቦውን በስተቀኝ አግድም አድርጉት፣ ከዳዶው መሐል አንድ ሜትር ለኩ፣ ጀሪካኑን በአጭር ገመድ አንጠልጥሉና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ቱቦው ወደ ታች ከወረደ መልሳችሁ አግድም አድርጉና ድገሙ። አግድም ሆኖ ሳይወርድ ሲቆም ደርሷል። ጀሪካኑ መሬት እንዳይነካ። ይህ የወርቅ ቤት ሚዛን አይደለም፤ ግን «እስኪበቃኝ አጠበቅኩት» ከማለት በብዙ ይሻላል።

ከዚያ የዳዶውን ጠርዝ ወደ አክስሉ ቦይ አጥፉት፣ ወይም ቆብና ኮፒሊያውን መልሱ። ጎማውን አስገቡ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እያለዋወጣችሁ አጥብቁ፣ መኪናዋን ካወረዳችሁ በኋላ በ103 ኒውተን ሜትር ጨርሱት።

ዘይት፣ ፍሬን፣ ሙከራ

በእጅ ማርሽ የሚሄድ ኮሮላ ወደ 2 ሊትር ገደማ የካምቢዮ ዘይት ይይዛል፤ 75 በ90 ይስማማዋል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ እያለ በጎን ባለው የመሙያ ቀዳዳ ሙሉት፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይበቃል። አውቶማቲክ ከሆነ የራሱ ዘይት ነው፤ መለኪያ ዘንግ ካለው በእሱ ታዩታላችሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ርገጡ። ካሊፐሩ ስለተነካ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን የረሳ ሰው የሚያስታውሰው በር ሲደርስ ነው።

የፈሰሰውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። የባሕር ዳር ቦይ ውሃ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ሐይቁን እምቦጭ አስጨንቆታል፤ እኛ ዘይት አንጨምርበት። በአሮጌ ጀሪካን አጠራቅሙና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ግራሶ የነካው ጨርቅም ቆሻሻ ከሚወስዱት ጋር ይሂድ እንጂ ሐይቅ ዳር አይቃጠል።

ሙከራውን መጀመሪያ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ አድርጉ። ባዶ ቦታ ላይ መሪውን ሙሉ አዙራችሁ ነዳጅ ስጡ፤ ቀጭ ቀጭ መኖር የለበትም። ከዚያ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን መንገድ ያዙ፣ ሬዲዮውን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ 80 ላይ አድምጡ። ስትመለሱ እጃችሁን ሞዞው መሐል አስጠግታችሁ ሙቀቱን ከሌላው ጎማ ጋር አስተያዩ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጨናንቋል፣ ፈትሹ። የአሞርዛተሩ ብሎኖች ስለተፈቱ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠሩ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማውን ዳዶዎች አንድ ጊዜ እንደገና በመፍቻ ሞክሩ፣ በካምቢዮ በኩል ካለው የአክስሉ ጫፍ ሥርም አዲስ ዘይት መንጠብጠብ አለመንጠብጠቡን ጎንበስ ብላችሁ እዩ።